እናንተ ጋ አንሸጥም

ሟቿን ያገኘቻት ጠዋት ደረጃ ልትወለውል የወጣችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል፣ ደረጃው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ በጀርባዋ ተንጋላለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ደክሟት ያረፈች መስሏት ቀስ ብላ ጠራቻት። መልስ ስታጣ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠጋ ብትል ዓይኖቿ እንደተከፈቱ ናቸው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ አሳንሰሩ ስለማይሠራ በእግሩ ወጣ። በሩ ላይ «ብልሽት» ተብሎ የተለጠፈው ወረቀት ከመቆየቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። በየፎቁ እየቆመ ትንፋሹን ሰበሰበ። ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሳጅን ግን ነገሩን በራሱ ጊዜ ጨርሶት ነበር፤ ተረከዙ ረጅም ጫማ፣ ሙልጭልጭ ያለ ደረጃ፣ የተቃጠለ አምፖል። ተንሸራታ ወድቃ ነው አለ።

ኢንስፔክተሩ ቁጢጥ አለ። ከሟቿ ራስ ሥር ሰማያዊ ሻርፕ በሥርዓቱ ታጥፎ ተቀምጧል። ግራ ጫማዋ እግሯ ላይ ነው፤ የኋላ ማሰሪያው ግን ተረከዟ ሥር ተጣጥፎ ገብቷል። እንደዚያ አድርጋ አንድ ደረጃ እንኳ መውረድ አትችልም።

«የሚወድቅ ሰው ለራሱ ትራስ አያነጥፍም» አለ። «ጫማዋ ወልቆ ነበር። ሌላ ሰው ነው መልሶ ያጠለቀላት።»

«ገዳይዋ?»

«ከሆነ አዝኖላታል ማለት ነው።»

ከሰዓት በኋላ የአስከሬን መርማሪው የተናገረው ይህንኑ የሚያጠናክር ሆነ። አንገቷ የተሰበረው በመውደቋ ነው፤ የግራ ክንዷ ላይ ግን አጥብቆ የያዛት ሰው የጣት ምልክት አለ። የሞተችው ሠራተኛው ከወጣ በኋላ፣ ገና ሳይጨልም ነው።

ሕንጻው አንድ መግቢያ ብቻ ነው ያለው። እዚያ የሚቀመጡት ጥበቃ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ ለጥያቄው ሁሉ ቀጥ ብለው ቆመው መለሱ። ሠራተኛው በሙሉ ጡረታ የወጣ ባልደረባቸውን ሊሸኝ አብሮ ወጥቷል። እሷ ብቻ ሥራ አለኝ ብላ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ገብቶ እንደሆነ ኢንስፔክተሩ ጠየቃቸው።

«አንድም እንግዳ አልገባም» አሉ። «እኔ ተቀምጬ? የሚኒስትር እንግዳ እንኳ መታወቂያ ሳያሳየኝ አያልፍም።»

ሟቿ በንግድ ውድድር ባለሥልጣኑ የሕግ ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ የጎረቤት አገሮችን የውድድር ሕግ ከአገሯ ሕግ ጋር ማነጻጸር ነው። በስብሰባ ላይ አፏን በከፈተች ቁጥር «ጎረቤት አገር ግን…» ብላ ስለምትጀምር ባልደረቦቿ «ጎረቤት» የሚል ስም አውጥተውላታል። ዳይሬክተሩ ይህን ሲናገር ፈገግ አለና ወዲያው አፈረ።

ኢንስፔክተሩ የሚያውቀው ሕግ የሌባና የነፍሰ ገዳይ እንደሆነ ነግሮት፣ ጉዳዩን በቀላሉ እንዲያስረዳው ለመነው። ዳይሬክተሩም አስረዳው። ሁለት ነጋዴዎች መፎካከር ሲገባቸው ይስማሙና ገበያውን ይካፈሉታል። አንተ እዚህ ሽጥ፣ እኔ እዚያ ልሽጥ፣ ማንም የማንንም ደጅ አይርገጥ ይባባላሉ። ገዢው መሄጃ ያጣል። ይህ በሁሉም አገር ክልክል ነው፤ ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። በምሥራቅ በኩል ያለው ጎረቤት አገር ከተስማሙት መካከል ቀድሞ መጥቶ ለተናዘዘ ሙሉ ምሕረት ይሰጣል። በደቡብ ያለው ሕጉን አሳምሮ ጽፎታል፤ የሚያስፈጽመውን መሥሪያ ቤት ግን እስካሁን አላቋቋመም። እዚህ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ አለ፣ ምሕረቱ የለም። ቀድሞ የተናዘዘ ቀድሞ ይከሰሳል።

«ታዲያ ማን ይናዘዛል?»

«ማንም» አለ ዳይሬክተሩ። «እሷ ግን ሰሞኑን ‹አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ድንበር አሻግሬ እዚያ አናዝዘዋለሁ፣ ማስረጃውም ዞሮ ለእኛ ይደርሰናል› ትለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ብጠይቃት አልነገረችኝም።»

የምን ነጋዴዎች እንደሆኑ ግን ያውቃል። ኦክስጅን ለሆስፒታል የሚሸጡ ሁለት ፋብሪካዎች ናቸው፤ አንዱ ከድንበሩ ወዲህ፣ አንዱ ከድንበሩ ወዲያ።

ኢንስፔክተሩ ግን መጀመሪያ የሄደው ወደ ባሏ ነው። የሻርፑ ነገር አእምሮውን አልለቅ ብሎታል፤ እንዲህ አሳምሮ አጥፎ የሚያንተርስ ቤተሰብ ነው። ባሏ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ባለሙያ ነው። ያን አመሻሽ ተረኛ ነበርኩ ብሏል። ሳጅኑ ሄዶ ቢያጣራ ተራውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወጥቷል።

ጣቢያ ሲያመጡት ላብ በላብ ሆኖ ነበር። በመጨረሻ ቤት ሊከራይ ሄዶ እንደነበር ተናገረ። አንድ ክፍል ቤት፣ ለብቻው። ሊለያዩ ነበር፤ ለቤተሰብ ገና አልነገሩም። አከራይዋ አሮጊት ተጠርተው መጡና ቀብድ ሳይከፍል እስኪመሽ ሲከራከራቸው እንደነበር በምሬት መሰከሩ። ባልየው ከለቅሶው መካከል ሳቅ አመለጠው።

የመለያየታቸው ጥፋት የእሷም የራሱም እንዳልሆነ ባልየው ለኢንስፔክተሩ ነገረው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ወሬ የለም ነበር። አባቷና እናቷ ድንበር ላይ ባለች ከተማ ነበር የሚኖሩት። ሽማግሌው ሳንባቸው ሲታፈን ቅርብ የሆነው ሆስፒታል ከድንበሩ ማዶ ስለሆነ ወደዚያ ወሰዷቸው። እዚያ ኦክስጅኑ አለቀ። ያገሩ ፋብሪካ መኪና ሩቅ መንገድ ላይ ነበር፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ፋብሪካ ግን ለሆስፒታሉ ይቀርባል። አልላከም። ሽማግሌው መኪናው ሳይደርስ ሞቱ። እናትየው ከቀብሩ በኋላ ወደ ልጆቻቸው ከተማ መጥተው ከሟቿ ታናሽ ወንድም ጋር ይኖራሉ።

«ለምን እንዳልላከ እስካውቅ እንቅልፍ የለኝም አለች። እውነትም አልተኛችም» አለ ባልየው። «ወንድሟ እንኳ ይበቃሻል ቢላት አልሰማችውም። እሱ ያው ኦክስጅን ያልላከው ፋብሪካ የሽያጭ ኃላፊ ስለሆነ ይጨንቀው ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። ሟቿ ልታናዝዝ ያዘጋጀችው ሰው ማን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው።

ወንድምየውን ያገኘው ከእናቱ ጋር በሚኖርበት ቤት ነው። ሳሎኑ ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። እናትየው ጥግ ላይ መሬት ተቀምጠው ወደ አንድ ቦታ ያያሉ፤ ለገባውም ለወጣውም ቀና አይሉም። ልጃቸው ኢንስፔክተሩን ወደ ጓሮ ይዞት ወጣ። ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ተዘግቷል።

ምንም አልካደም። አዎ፣ ልናዘዝ የነበርኩት እኔ ነኝ አለ። ሰኞ አብረው ድንበር ሊሻገሩ ነበር። ባለፋብሪካው ሳይደርስበት አልቀረም፤ ሰሞኑን በነገር ሲወጋው ከርሟል። ያን አመሻሽ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ሲሊንደር መጫኛው ላይ እንደነበር ተናገረ።

«ባልደረቦቿ ሥራ ሲወጡ ከመጫኛው ሆኜ ደውዬላት ብዙ አወራን» አለ። «ራሴን አሞኛል፣ ቶሎ ቤት እገባለሁ አለችኝ። ያ ነው የመጨረሻው።» ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ኢንስፔክተሩ ትከሻውን ነካ አድርጎ ትቶት ወጣ። አምኖታል።

ባለፋብሪካው ቢሮውን ከፍ ብሎ ግቢውን የሚያይ ቦታ ላይ ነው የሠራው። ኢንስፔክተሩንና ሳጅኑን ተነስቶ ተቀበላቸው፣ ሻይ አዘዘላቸው። ሟቿ ቢሮው ድረስ መጥታ እንደጠየቀችው አልደበቀም። እሷ በሞተችበት ቀን ድንበር ማዶ ነበር፤ ፓስፖርቱን ራሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ማን ጋ ነበሩ?»

«የማዶው ፋብሪካ ባለቤት ጋ። እራት ጋበዘኝ፣ እሱው ቤት አደርኩ።»

«ተፎካካሪዎ አይደል?»

«ከተፎካካሪ ጋር እራት መብላት ወንጀል ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በማዶው ሕግ እራቱ ራሱ እንደሚያስጠይቀው፣ እዚህ ግን ማንም ምንም እንደማይለው ኢንስፔክተሩ ከዳይሬክተሩ ሰምቷል። ሰውየው ከአንዱ ወንጀል ነጻ የሚያወጣውን ምስክር ሲጠራ የሌላውን ወንጀል ተካፋይ እየጠራ ነበር፤ ያ ሌላው ወንጀል ግን የኢንስፔክተሩ ሥራ አይደለም። የድንበር ፖሊስም፣ የማዶው ባለፋብሪካ አገልጋዮችም የተባለውን አረጋገጡ። ሰው ልኮ አስገድሏት እንዳይባል ደግሞ ጥበቃው አንድም እንግዳ አላስገቡም፤ የተላከ ሰውም ጫማ መልሶ አያጠልቅም።

ባለፋብሪካው ሊሸኛቸው ሲወርድ በመጫኛው በኩል አለፉ። መጭመቂያ ማሽኑ እየሠራ ነው። ጩኸቱ ጆሮን ብቻ ሳይሆን ደረትንም ያናውጣል። ጫኞቹ ሲሊንደር እያንከባለሉ በእጅ ምልክት ይግባባሉ። ኃላፊያቸው አፉን ኢንስፔክተሩ ጆሮ ላይ ለጥፎ የሆነ ነገር ጮኸ፤ ቃሉ አልተለየም። ኢንስፔክተሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ስልኩን አወጣና ሳጅኑ እንዲደውልለት ምልክት ሰጠው። የስልኩ መብራት በራ። አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። ሳጅኑ ከጎኑ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚሰማው ግን ማሽኑ ብቻ ነው።

ወደ ውጭ ወጥተው ማሽኑ በዚያ ቀን ጠፍቶ እንደሆነ ኃላፊውን ጠየቀው። ሰውየው እስኪመሽ ሲሠራ መዋሉን ነገረው፤ ትዕዛዝ በዝቶ ነበር። ስልክ ማውራት የፈለገ ሰው ከግቢው መውጣት አለበት አለ።

ኢንስፔክተሩ መኪናውን በቀጥታ ወደ ሟቿ መሥሪያ ቤት አስነዳ። ሕንጻው ጋ ሲደርስ ጥበቃው ተነሱ።

«ያን ዕለት ወንድሟ መጥቶ ነበር?»

«እሱማ መጥቷል» አሉ ጥበቃው። «ሁልጊዜ ሊወስዳት ይመጣ የለ? ያን ቀን ብቻውን ሲወጣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለነበር ሰላም አላለኝም። በኋላ የማታ ተረኛው ቀየረኝና ወጣሁ፤ የማታው ጥበቃ ደግሞ ፎቅ አይወጣም።»

«እናቴን! ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ ሳጅኑ።

ጥበቃው ተደናግጠው ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሩ። «እርስዎ የጠየቁኝ እንግዳ ገብቷል ወይ ብለው ነው። ወንድም እንግዳ ነው እንዴ?»

ወንድምየውን ሲይዙት አልተገረመም። ጣቢያው ውስጥ ወንበር ሰጡት፣ ውሃ ሰጡት፤ ውሃውን አልነካም። ኢንስፔክተሩ ነገሩን እንደገባው አቀረበለት። ማዶ ብትናዘዝ ማዶ ትማራለህ፤ ማስረጃው ወዲህ ሲመጣ ግን የአንተ አገር ሕግ ምሕረት ስለማያውቅ ትታሰራለህ። ፈራህ። እንዳትወስድህ ለመንካት፣ እንቢ አለችህ።

ወንድምየው ራሱን ነቀነቀ።

«እስሩን አልፈራሁም» አለ። «እስሩማ እፎይታ ነበር።»

ከዚያ ሳያቋርጥ ተናገረ። በፋብሪካው ትዕዛዝ የሚቀበለው እሱ ብቻ ነው። ባለፋብሪካው ከማዶው ጋር ገበያ ከተካፈለ ጀምሮ ከማዶ ለሚደውል ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ከማለቱ የተነሳ ራሱ ሳያስበው አፉ ይለው ጀመር። አንድ ቀን ከማዶ ሆስፒታል አንዲት ነርስ ደወለች። እስከ ነገ የሚያደርሰን ትንሽ ስጡን፣ ሰው በእጃችን ላይ ነው አለችው። በመስኮቱ የተሞላው ሲሊንደር ተደርድሮ ይታየው ነበር።

«እያየሁት ነው ‹ይቅርታ እህቴ፣ እናንተ ጋ አንሸጥም› ያልኳት። አባቴ እዚያ መተኛቱን አላወቅሁም። እማዬ የደወለችልኝ ሲመሽ ነው፤ አባትህ ማዶ ሆስፒታል ገብቶ አረፈ ብላ።»

ሳጅኑ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ለማንም አልተናገረም። ቀብሩን ያስፈጸመ እሱ፣ እናቱን ወደ ቤቱ ያመጣ እሱ። እህቱ ግን ስትቆፍር ቆይታ ማዶ ድረስ ሄዳ ነርሷን አገኘቻት። ስትመለስ አልጮኸችበትም። አቅፋው አለቀሰች። ማዶ ሄደን ተናገር፣ ይምሩሃል፣ ሌላ ሰው እንዲህ አይሙት አለችው። እሺ አላት። በኋላ ግን ሕጉን ስታስረዳው ምሕረቱ ምንም ነገር ላልደበቀ ብቻ መሆኑን ነገረችው። የተከለከለ ትዕዛዝ አንድ በአንድ ይነገራል፤ አንዷን ያስቀረ ምሕረቱ ይሰረዝበታል።

«ያቺን ስልክ ብቻ ተዪልኝ አልኳት። ውሳኔው ሲወጣ አደባባይ ይነበባል፣ እማዬ ትሰማለች። ያን ዕለት እሱኑ ልለምናት ሄድኩ። ደረጃው ላይ እየወረደች ክንዷን ያዝኳት። አንዷን ብቻ፣ አልኳት። ዞር ብላ ‹ለእማዬ…› ስትል አላስጨረስኳትም። ልትነግራት ነው ብዬ ገፋኋት። መግፋቴን ያወቅሁት ድምፁን ስሰማ ነው።»

ጫማዋ ደረጃው ላይ ቀርቶ ነበር። አነሳው። ለምን እንዳጠለቀላት አያውቅም። ከበሩ ሲወጣ ደግሞ እጁ ራሱ ወደ እሷ ደወለ፤ ምናልባት ታነሳለች ብሎ። ላይ ቢሮዋ ውስጥ ትታው የወረደችው ስልክ ጮኾ ጮኾ ቆመ።

ፈርሞ ሲጨርስ አንድ ነገር ለመነ። «ለእማዬ የሚነግሯት እርስዎ ነዎት አይደል? እስር ፈርቶ ነው የገደላት ይበሏት። የስልኩን ነገር አይንገሯት። ልጅሽን ገደለ ትበለኝ፣ ያን እችለዋለሁ። አባቱን የሚለውን ግን አልችልም።»

ኢንስፔክተሩ እሺ አለው።

በዚያው ሳምንት ወሬው ድንበር ተሻገረ። የማዶው ባለፋብሪካ ሰው እንዳይቀድመው ሮጦ ሄዶ ተናዘዘ፤ የመጀመሪያው ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ማሩት። ወዲህ ዳይሬክተሩ መዝገብ ከፈተ፤ ግን ብቸኛው የውስጥ ምስክር እህቱን የገደለ ሰው ሆነ፣ ማዶ የተሰጠው ቃል ደግሞ እዚህ እንደ ማስረጃ የሚቀርብበት ሕግ የለም። ሟቿ ያንን ሕግ ስትወተውት ነበር። የወዲህኛው ባለፋብሪካ ጠበቆች መዝገቡን ሻይ እየጠጡ አስዘጉት። ማዶ ያለው ሆስፒታል ወዲህ ሲደውል አሁንም ያው መልስ ይሰጠዋል፤ የሚመልሰው ሰው ብቻ ተቀይሯል።

ኢንስፔክተሩ እናትየው ቤት ሲገባ ወንበሮቹ ተነስተዋል። ብቻቸውን ነበሩ። ከፊታቸው ተቀመጠ። ልጃቸው ማመኑን ነገራቸው። አላለቀሱም፤ ያለቀሱት ቀድመው ነበር።

«ለምን ይላል?» አሉ።

«እስር ፈርቶ ነው፣ እማማ። እንዳይከሰስ ፈርቶ።»

እናትየው ቀና ብለው አዩት።

«አንተም ልትሸፍንልኝ ነው ልጄ። ስልኩን ነው አይደል?»

ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ነግራኛለች» አሉ። «የሞተች ዕለት ምሳ ሰዓት መጥታ እዚህ፣ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ተቀምጣ ነገረችኝ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው አለች። አለቀስኩ። ከዚያ ግን አባቱን እሱ አልገደለውም፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለብቻው ተሸክሞት ኖረ እንዴ አልኩ። ማታ ስታገኚው ለእማዬ ነግሬአታለሁ፣ ና ብላሃለች በይው፣ መጥቶ እግሬ ሥር ይተኛ ብዬ ላክኋት።» ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «አልነገረችውም?»

ኢንስፔክተሩ ጉልበቱ ላይ ያለውን ኮፍያ አዞረው።

«ጊዜ አላገኘችም» አለ።

እናትየው እጃቸውን ዘርግተው እጁን ያዙ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር። «እንግዲህ አንተ ንገርልኝ። እማዬ ታውቃለች፣ እህትህ ሳትሞት በፊት ታውቅ ነበር፣ ምራሃለች በልልኝ። እህቱን ለምን ገደለ አልለውም። እሱንም አንድ ቀን እተወዋለሁ። ብቻ ያውቀው።»

እሺ አላቸው። ለሁለቱም እሺ ማለቱን ያስተዋለው መንገድ ላይ ነው።

ወንድምየውን ወደ ማረሚያ ቤት ሊወስዱት በግቢው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠውት አገኘው። ከስቷል፤ ፊቱ ግን እንደበፊቱ አልጨለመም። ኢንስፔክተሩን ሲያይ ብድግ አለ።

«ነገሯት?»

ኢንስፔክተሩ የእናትየው ቃል አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ቢናገረው እህቱ ልትለው የነበረውን ይሰማል። ቢሰማ ደግሞ የእናቱን ምሕረት ይዛለት የመጣችውን በከንቱ እንደገፋ ያውቃል። ሰውየውን አየው። ወንድምየው የሚጠብቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«ነገርኳት» አለ። «እስር ፈርቶ ነው አልኳት።»

«ስልኩን አልሰማችም?»

«አልሰማችም።»

ወንድምየው ትከሻው ወረደ። በካቴና የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ የኢንስፔክተሩን እጅ ያዘና ጎንበስ ብሎ ሳመው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለ።

መኪናው መጣና ወሰደው።